ሸራው አልቋል

የእናቴ መኪና ፍሬን አጥታ የአንድ የጥርስ ሐኪም አጥር የናደችው በእኔ ጥፋት ነው። ይህን ያወቅሁት ግን አጥሩ ከፈረሰ ከአራት ቀን በኋላ ነው፤ ጥፋተኛዋ እናቴ ናት ብዬ ከተስማማሁ በኋላ ማለት ነው።

የተስማማሁት ከታላቅ ወንድሜ ጋር ነው። ቤታችን ውስጥ ሊቀመንበሩ እንለዋለን፤ ሁለት ሰው አንድ ላይ ተቀምጦ ካየ ስብሰባ ይከፍታል። የሚሠራው ኢንሹራንስ ቢሮ ነው። ቀኑን ሙሉ የተጋጨ መኪና ፎቶ ሲያይ ስለሚውል፣ መኪና የሚነዳ ሰው ሁሉ ለእሱ ገና ያልተጋጨ ሰው ነው። ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ደወለልኝ።

«እማዬ አጥር ገጨች።»

«ተጎዳች?»

«እሷ ደህና ናት፤ መኪናዋም መከላከያዋ ነው የተጨፈለቀው። ፍሬን ረገጥኩ እምቢ አለኝ ነው የምትለው። ስልሳ አራት ዓመቷ ነው፣ ፍሬን የረገጠች መስሏት ነዳጅ ረግጣ ነው። በሥራዬ ስንቱን አይቻለሁ! ቁልፉን ወስጃለሁ፤ መኪናዋ ትሸጥ ብያለሁ። ምን ትያለሽ?»

ማለት የነበረብኝ «መኪናዋን ያያት ሰው አለ?» ነበር። ሜካኒካል ኢንጂነር ነኝ። ማሽን እምቢ ሲል መጀመሪያ ማሽኑን እይ የሚል ትምህርት አምስት ዓመት ተምሬ ዲግሪዬ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ነገር ግን የውሃ ፓምፕ ንድፍ ማስረከቢያ ሰዓቴ ደርሶ ነበርና ቸኩያለሁ። ሁልጊዜም ቸኩያለሁ። «ልክ ነህ» አልኩና ዘጋሁ።

እናቴ መጋረጃ ሰፊ ናት። ሰፍታ ብቻ አትሰጥም፤ ሰው ቤት ሄዳ መስኮቱን ትለካለች፣ ሰፍታ ትመለሳለች፣ መሰላል ላይ ወጥታ ዘንጉን ራሷ ትሰቅላለች። የሦስት ሜትር ዘንግና አርባ ሜትር ጨርቅ ታክሲ ውስጥ አይገባም። መኪናዋ ከተሸጠች ሥራዋም አብሮ ተሸጠ ማለት ነው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ሊቀመንበሩ ግን «ደክማለች፣ ትቀመጥ» ይላል፤ እናቴ ያለ ስፌት መኪና ተቀምጣ አይቶ የሚያውቅ ይመስል።

ቅዳሜ ጠዋት ከምሠራበት ከተማ በአውቶቡስ መጣሁ። ገዢ ተገኝቶ ነበር፤ የወንድሜ የሥራ ባልደረባ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሊቀመንበሩ መኪናዋን ወስዶ ሊያሳየው ቀጠሮ ይዟል። የእኔ ድርሻ ፍሬኑን ፈትሼ «ጤነኛ ነው» ማለት ነበር፤ ገዢው ዋጋ ለማውረድ ሰበብ እንዳያገኝ። ባለሙያ መሆን ደስ ይላል።

ትንሿ ነጭ መኪና እኔ የላክሁላትን የብር ቀለም ሸራ ለብሳ ግቢው ውስጥ ቆማለች። ባለ ድርብ፣ ውሃ የማያስገባ፣ ጠርዙ ላስቲክ ያለው ሸራ ነው፤ ከሦስት ወር በፊት የላክሁት። ሳየው ኩራት ቢጤ ተሰማኝ። እናቴ እንደ ሐር ጨርቅ በጥንቃቄ ገፈፈችው፣ አጣጠፈችው፣ ደረጃው ላይ አስቀመጠችው።

«እሺ ኢንጂነሯ፣ ምን ልታይ መጣሽ?»

«ፍሬኑን ላይልሽ ነዋ፣ እማዬ።»

«ሳታይ ፈርደሽ የለ እንዴ? አሁን ቢታይ ምን ሊሆን ነው?»

«ማን ፈረደ?»

«ወንድምሽ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጎት ነበር» አለች፣ በርጩማዋን ወደ ጥላው እየሳበች። «‘ልክ ነህ’ አልሽ። ኔትወርኩ ጥሩ ነበር፤ ጥርት ብሎ ነው የመጣው።»

ክሪክ ፍለጋ ሳይቆለፍ የቀረው የዕቃ መጫኛ ውስጥ ጭንቅላቴን ቀበርኩ። የምፈልገው ክሪክ ዐይኔ ሥር ነበር፤ እኔ ግን ለረጅም ጊዜ ፈለግሁት።

ክሪኩን የፊት ጎማው አጠገብ ከሥር አስገባሁና መኪናዋን አነሳኋት። ከዚያ የጎማ መፍቻውን ቡሎኑ ላይ አስገብቼ ባለ በሌለ ኃይሌ ገፋሁት። ጎማው ዞረ። እንደገና ገፋሁት። እንደገና ዞረ። እናቴ የመጋረጃ ጠርዝ እየቀመቀመች ታየኛለች።

«መዞሩንማ ሞተሩም ያዞረው ነበር» አለች።

ስለ ጉልበትና ስለ መዞር አንድ ሙሉ መንፈቅ ተምሬያለሁ። ከፍተኛ ውጤት ነው ያመጣሁት። ጎማ አየር ላይ ከተንጠለጠለ በኋላ ቡሎኑን ልፍታ የሚል ሰው አብሮ እንደሚሽከረከር ግን የነገረኝ የለም። መኪናዋን መልሼ አወረድኳት፤ መፍቻው ላይ ቆሜ እየዘለልኩ ቡሎኖቹን አላላሁ፤ የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ ደግፌ እንደገና አነሳኋት። ይህ ሁሉ ሃያ ደቂቃ ወሰደ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚባለው ለእኔ ሳይሆን አይቀርም የተተረተው።

ጎማው ሲወጣ አብሮት የሚዞረውን ክብ ብረት፣ ዲስኩን፣ እንደ መንጋጋ ነክሶ የሚይዘው ብረት ታየ። ሁለቱን ቡሎኖች ፈትቼ መንጋጋውን አነሳሁትና በሽቦ አንጠለጠልኩት። ዲስኩን ጨምቆ ማቆም ያለባቸውን ሁለት ቁራጮች አወጣሁ። እያንዳንዳቸው ብረት ላይ የተለጠፈ ወፍራም ጥቁር ነገር ሊኖራቸው ይገባል። የለም። ብረቱ ብቻ ነው የቀረው። ብረት ከብረት ሲፋጭ ከርሞ ዲስኩ ላይ እንደ ሙዚቃ ሸክላ ቀለበት ቀለበት ሠርቷል።

ተነስቼ ቆምኩ። 

«እማዬ፣ ፍሬን የለሽም።»

«እኔስ ምን ነበር ያልኩት?»

«እንዲህ እስኪሆን ድምፅ አልነበረውም?»

«ሲያፏጭ ነው የከረመው።»

«ታዲያ ለምን ለመካኒክ አላሳየሽውም?»

ክሩን በጥርሷ በጠሰችና አየችኝ። «አሳየሁት እንጂ። ያለኝንም ላንቺው ደውዬ ነገርኩሽ።»

«ለእኔ ምንም አልነገርሽኝም።»

«እሺ» አለች። «አልነገርኩሽም።»

የእናቴ «እሺ» ከስድብ ይከፋል። አሮጌውን ቁራጭ በጋዜጣ ጠቅልዬ ወደ መለዋወጫ ሱቅ በእግሬ ተጣደፍኩ።

ሱቁ ጠባብ ነው፤ ከጣሪያው ቀበቶና ቱቦ ተንጠልጥሏል። ባለሱቁ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የመነጽሩን ቤት ይፈልጋል።

«ብሬክ ፓድ አለ?» አልኩት።

«ምን አለ?»

«ብሬክ ፓድ። የፊት።» ጋዜጣውን ፈታሁለት።

መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ። ቁራጩን ገልበጥ አድርጎ አየና አፉን ያዘ። «ሸራ በይኛ!»

«ምን?»

«ሸራ፣ እህቴ፣ የፍሬን ሸራ። ኧረ ይሄስ ሸራም አይደል፣ የሸራ መቃብር ነው! ማነው እስከዚህ ድረስ የነዳው?»

«እናቴ።»

«ወይ ጀግና! ምነው፣ መካኒክ ሸራው አልቋል አላላትም?»

ብሏታል። ሸራው አልቋል ብሏታል። እሷም ከሦስት ወር በፊት ሥራ ላይ እያለሁ ደወለችልኝና ቃል በቃል እንዲህ አለች፦ «መካኒኩ ሸራው አልቋል፣ ቶሎ ይቀየር አለኝ። እዚህ የሚሸጠው አይበረክትም አሉ፤ እዚያ ጥሩ ካለ ላኪልኝ።» እኔ ደግሞ «እሺ እማዬ፣ ጥሩውን ነው የምልክልሽ» ብዬ፣ ጨረሰች አልጨረሰችም ሳልል ዘጋሁ። አሮጌው የመኪናዋ ልብስ መቀደዱን ስለማውቅ ነገሩ ወዲያው ገባኝ። እኔ ነገር ወዲያው ነው የሚገባኝ።

ሸራ ማለት ለእኔ ድንኳን ነው፣ ጫማ ነው፣ የመኪና ልብስ ነው። ስለ ፍሬን የተማርኩት በእንግሊዝኛ ነው፤ የተፈተንኩትም በእንግሊዝኛ። ብሬክ ፓድ ስንት ዲግሪ ሙቀት እንደሚችል፣ በስንት ኪሎ ግፊት ስንት ሜትር ላይ እንደሚያቆም በቀመር አስልቼ አውቃለሁ። እናቴ የምትነዳበት፣ መካኒኩ የሚሠራበት፣ ባለሱቁ የሚሸጥበት ቋንቋ ውስጥ ስሙ ማን እንደሆነ ግን አላውቅም። የአምስት ዓመት ትምህርቴን የመኪና ልብስ ገዝቼበታለሁ።

«የፊት ሁለቱንም ጎማ ነው የምትቀይሪው» አለ ባለሱቁ። «አንዱን ብቻ ከቀየርሽ ወደ አንድ ጎን ይጎትታታል። ዲስኩ ውፍረቱ እንዴት ነው?»

«ገና ደህና ነው፤ ለክቼዋለሁ።» እውነትም ለክቼው ነበር። መለካት እችላለሁ።

ከሱቁ እስከ ቤት ሁለት መንገድ አልፌ ነው የምሄደው። በመጀመሪያው መንገድ ላይ ጥፋቱን ለመካኒኩ ሰጠሁት፤ «የፍሬን» የሚለውን ቃል ለምን አልጨመረም? በሁለተኛው መንገድ ላይ ለስልክ ኔትወርኩ ሰጠሁት። በራችን ጋ ስደርስ የምሰጠው ሰው አለቀብኝ።

«አገኘሽ?» አለች እናቴ።

«አገኘሁ።»

«ማነው የሚባለው?»

ዐይኔን በጨው ታጥቤ ሌላ ስም ብሰጠው ኖሮ ያልፍ ነበር ይሆናል። «ሸራ» አልኳት።

መርፌዋ ቆመ። በእጄ ያለውን ሣጥን አየች። ደረጃው ላይ የተጣጠፈውን የብር ቀለም ሸራ አየች። ከዚያ እኔን።

«ያኛውስ?»

«ያኛውም ሸራ ነው።»

«ይሄኛው ነው የፍሬኑ?»

«ይሄኛው ነው።»

ጨርቁን ከጭኗ ላይ አነሳች፤ መርፌው እንዳይወጋት ነው። ከዚያ መሳቅ ጀመረች። እናቴ ስትስቅ ድምፅ የላትም፤ ትከሻዋ ነው የሚስቀው። እንባዋ ወረደ።

«እኔን ብሎ ሰው! ከሥራ በተመለስኩ ቁጥር ሳለብሳት! ፍሬኗን ብርድ መትቶት ነው፣ ልጄ ያወቀችውን አውቃ ነው የላከችው እያልኩ! ሲያፏጭ ‘ቆይ መድኃኒት ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው’ እያልኩ!»

«ለምን መልሰሽ አልጠየቅሽኝም?»

«ኢንጂነር ልካው እንዴት ልጠይቅ?» አለች፤ ሳቋም ቀስ ብሎ ቆመ። «ለወንድምሽ ምን ልትዪው ነው?»

«ሸራው አልቆ ነበር እለዋለሁ።»

«ይህችን ብቻ?»

«ትበቃዋለች።»

«እንጃ» አለች መርፌዋን እያነሳች። «ግማሽ መጋረጃ የባሰ ያሳያል።»

ልከራከራት ጊዜ አልነበረኝም፤ ሰዓቱ ስምንት ሆኗል። ሸራውን ወደ ዲስኩ የሚገፋውን ፒስቶን በአሮጌው ሸራና በትልቅ ፒንሳ ቀስ እያልኩ ወደ ውስጥ ገፋሁት፤ አዲሱ ሸራ ወፍራም ስለሆነ ቦታ ይፈልጋል። አዲሶቹን አስገባሁ። መንጋጋውን ልመልስ ስል እናቴ ቆማ አንገቷን በትከሻዬ ላይ አሳልፋ ነበር።

«ቆይማ። ፊቱ የትኛው ነው?»

«ምን ፊት አለው፣ እማዬ? ሸራ ነው።»

«ጨርቅ ሁሉ ፊትና ጀርባ አለው። ይሄን ብረቱን ነው ወደ ዲስኩ ያዞርሽው።»

አየሁት። የውስጠኛውን ገልብጬ ብረቱን ወደ ዲስኩ፣ ሸራውን ወደ ፒስቶኑ አስገብቼዋለሁ። በአዲስ ዕቃ ያንኑ አሮጌ ጥፋት ልደግመው ነበር ማለት ነው። አወጣሁትና አዞርኩት። እናቴም ሄዳ ተቀመጠች። ሁለተኛውን ጎማ ስሠራ እያንዳንዱን ሸራ ከማስገባቴ በፊት ወደ እሷ ከፍ አድርጌ አሳየኋት፤ እሷም በራሷ እየነቀነቀች አሳለፈቻቸው።

የመጨረሻውን ቡሎን ሳጠብቅ ሊቀመንበሩ ገባ። ቁልፉ በሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ነው፤ ቅርጹ ከውጭ ይታያል።

«ኢንጂነር! ጨረስሽ?»

«ጨረስኩ፣ ጋሼ።» ጋሼ የምለው ሳናድደው ነው፤ የሚበልጠኝ በአራት ዓመት ብቻ ነው።

ገብቶ ተቀመጠ፣ ወንበሩን አስተካከለ፣ መስታወቱን አስተካከለ፣ ፍሬኑን ረገጠ። ፔዳሉ እስከ ወለሉ ወረደ።

«ፍሬን የለም!» ብሎ ጮኸ። «እማዬ፣ ተመልከቺ! ጭራሽ አጠፋችው!»

 አራቱን ሸራዎች፣ አራቱን ቡሎኖች በሐሳቤ አንድ በአንድ ፈታኋቸው። ምን ረሳሁ? ፒስቶኑን ገፍቼዋለሁ… ገፍቼዋለሁ! ሸራው ጋ ገና አልተመለሰም።

«ደጋግመህ ርገጠው» አልኩት። «ፒስቶኑ እስኪመለስ ነው።»

«እኔ? እኔ ይሄን ነገር ሁለተኛ አልነካም።»

እናቴ በሩን ከፍታ «ውረድ» አለችው። ወረደ። በቦታው ተቀመጠችና ፔዳሉን ረገጠች፣ ለቀቀች፣ ረገጠች፣ ለቀቀች። ፊቷ ላይ ልብስ ስትሰፋ የሚታየው ጸጥታ ነበር። አምስተኛው ላይ ቆመች። «ያዘ» አለች።

ሊቀመንበሩ አላመናትም። ራሱ ደግሞ ረገጠው፣ ጠነከረበት። መኪናዋን አስነስቶ በቀስታ ወጣ፤ ባዶ በነበረው መንገዳችን ላይ ወደ ላይም ወደ ታችም እየነዳ ስድስት ሰባት ጊዜ በድንገት አቆማት። ተመልሶ ሲገባ ጤነኛ መሆኗን ማመኑን ያወቅሁት ከፊቱ መኮሳተር ነው። ቁልፉን ነቅሎ ወደ ኪሱ መለሰውና ወደ ሳሎን ገባ። ተከተልነው።

«እንግዲህ» አለ፣ በእናቴ መቁረጫ ጠረጴዛ ራስጌ ተቀምጦ። በ«እንግዲህ» የተጀመረ ነገር ቤታችን ውስጥ በደህና አልቆ አያውቅም። «ፍሬኑ ተሠራ፣ እጅሽ ይባረክ። ለገዢውም ጥሩ ነው። የእኛ ጉዳይ ግን ፍሬን አይደለም፤ የሚረግጠው እግር ነው።»

አሮጌዎቹን አራት ቁራጮች ከነጋዜጣቸው ፊቱ አስቀመጥኩ። «እያቸው። ፍሬን ረግጣለች። የሚይዝ ነገር አልነበረም እንጂ እግሯ አልተሳሳተም። ሸራው አልቆ ነበር።»

አንዱን አንስቶ በጥፍሩ ፋቀው። ሞኝ አይደለም። «ይሄ በአንድ ቀን አያልቅም።»

«አያልቅም።»

«እማዬ፣ ያፏጭ ነበር?»

«ያፏጭ ነበር።» እናቴ ከጠረጴዛው ወዲያ ቆማ የተጨረሱትን መጋረጃዎች ታጥፋለች።

«መካኒክ አይቶታል?»

«አይቶታል። ሸራው አልቋል፣ ቶሎ ይቀየር አለኝ።»

«መቼ?»

«ሦስት ወር ይሆነዋል።»

ሊቀመንበሩ ቁራጩን አስቀመጠውና ወደ ኋላ ተደገፈ። «ይኸው! ይሄስ ነዳጅ ከመርገጥ አይብስም? ፍሬን የለሽም እየተባለች ሦስት ወር ነድታለች! አጥር ባይሆንና ሰው ቢሆንስ? በቃ፣ ከዚህ በኋላ ጭራሽ የሚያነጋግር ነገር የለም።»

እናቴ መናገር ትችል ነበር። አንዲት ቃል ነበረች የምትበቃው። እሷ ግን የመጋረጃውን ጠርዝ ከጠርዝ ታገጣጥማለች። ወደ እኔ እንኳ አላየችም፤ ብታየኝ ኖሮ እናደድና ይቀለኝ ነበር።

«ለእኔ ነግራኛለች» አልኩ።

«ምኑን?»

«ሸራው አልቋል፣ ጥሩውን ላኪልኝ ብላ ደውላልኛለች። በዚያው ሳምንት። እኔም ላክሁላት።»

«ታዲያ ላክሽላት እንዴት አለቀ?»

በመስኮቱ ወደ ደረጃው ጠቆምኩት። «ያን ነው የላክሁላት።»

መጀመሪያ አልገባውም። የብር ቀለሙን ሸራ አየ፣ ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ቁራጮች አየ፣ እንደገና ወደ ውጭ አየ። ከዚያ አፉን በእጁ ሸፈነ። ክብሩን ለመጠበቅ በጣም ታገለ፤ አልተሳካለትም።

«አምስት ዓመት!» አለ ትንፋሽ ሲያገኝ። «አምስት ዓመት ሜካኒካል! ፍሬኑ አለቀ ሲሏት ብርድ ልብስ ላከች!»

«ውሃ የማያስገባ ነው» አልኩት።

ይሄኔ ጠረጴዛውን መደብደብ ጀመረ። እስኪበቃው ጠበቅሁት። እንዲህ ሆኖ መሳለቂያ መሆን እንደ ፈራሁት አልነበረም፤ ቀዝቃዛ ውሃ ነው፣ ከገቡበት በኋላ ያው ነው።

«ሰማህ?» አልኩት ዐይኑን ሲጠርግ። «ሦስት ወር የነዳችው ተሠራ ብላ ነው። ያላሠራሁት እኔ ነኝ። መቀጣት ካለበት ሰው የእኔን መንጃ ፈቃድ ውሰድ።»

«መንጃ ፈቃድ የለሽም እኮ።»

«እሱን ሳወጣ ውሰድ።»

ሳቁ ቀስ በቀስ ጠፋ። እጁ ወደ ሸሚዝ ኪሱ ሄዶ እዚያው ቀረ። «እሺ፣ የፍሬኑ ጥፋት የአንቺ ነው። ቢሆንም፣ እማዬ፣ ዕድሜሽም እኮ…»

«ዕድሜዬ ምን ሆነ?»

«አይ፣ ማለቴ…»

«እኔ አርባ ዓመት የስፌት መኪና ፔዳል ረግጬ ነው ያሳደግኳችሁ» አለች እናቴ። ድምፅዋን አላነሳችም፤ ማጠፏንም አላቆመችም። «መርፌ ጣት ላይ ሊወርድ ሲል እግሬ ከዐይኔ ይቀድማል። ረገጥኩ ካልኩ ረግጫለሁ። አንተ እዚህ ሁለት መንገድ ብቻ አልፈህ እየኖርክ ወርደህ ጎማዋን አላየህ፣ እሷ እዚያ ሆና አልጠየቀች፤ ብረቱን ትታችሁ እኔን ጠረጠራችሁ። መኪናዋ የእኔ ናት፤ አልሸጥም። ቁልፉን።»

«ገዢውስ? ሰውየው እኮ እየጠበቀ ነው…»

«ያስጠበቅኸው አንተ ነህ።»

ወንድሜ እኔን አየኝ። ድጋፍ ፍለጋ ነው፤ ማክሰኞ ሰጥቼው ነበርና ዛሬም ያለኝ መስሎታል። እኔ ጥፍሬ ሥር የገባውን ጥቁር ዘይት አያለሁ። ቁልፉን አውጥቶ ጨርቁ ላይ አስቀመጠው።

እናቴ ሜትሯን አንገቷ ላይ አደረገች። የታጠፉትን መጋረጃዎች በክንዷ ላይ ደረደረች፣ ቁልፉን አነሳች።

«አብሬሽ ልምጣ፣ እማዬ» አልኩ። «ለመጀመሪያው ቀን እንኳ…»

«መጥተሽ ምን ልታደርጊ?»

«አዲስ ሸራ እስኪለምድ በኃይል እንዳትረግጪው ልነግርሽ።»

«ነገርሽኝ አይደል?»

«ቡሎኖቹም ነገ እንደገና መጥበቅ አለባቸው።»

«ነገ ታጠብቂያቸዋለሽ። ደንበኛዬ ከማክሰኞ ጀምሮ መስኮቷን በአንሶላ ሸፍና ነው ያለችው፤ አሥር ሰዓት ብያታለሁ።» በሩ ጋ ደርሳ ዞረች፤ ጠረጴዛዋ ላይ ያለውን ብረትና ዝገት አየች፣ ከዚያ ሁለታችንን። «ይህን አንሱልኝ። በዚያ እጃችሁ ደግሞ ጨርቄን እንዳትነኩ።»

ወጣችና በሩን ዘጋችው።